እስክባረር ድረስ ያለው ትምህርት

የእህቴን ነገር ላጫውታችሁ ነው። ችግሩ፣ የእሷ ነገር ሲነሳ እኔም መነሳቴ አይቀርም፤ ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኛ።

እትዬ በአስር ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እሷ አስራ ስምንት፣ እኔ ስምንት ዓመታችን ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ዘጠነኛ ልትመዘገብ ስትል ሆስፒታል ገባች፤ ታማ ሳይሆን የልብስ እጥበት ክፍል ተቀጥራ። ይኸው አስራ ስድስት ዓመቷ። ጋሪው ገና ከበሩ ሳይገባ አንሶላው ከየት እንደመጣ አሽትታ ትነግራችኋለች። «ይሄ የማዋለጃ ነው። ይሄ የአጥንት ክፍል። ይሄኛው ላይ ደሞ ነርሶቹ ምሳ በልተውበታል።» ማጠቢያ ማሽን አላቸው፤ ግን ማሽኑ ከሠራተኛው ሁሉ በላይ ፈቃድ ይወጣል። እሱ ፈቃድ ሲወጣ በእጅ ነው።

እጇን ብታዩት ታዝናላችሁ። የጣቶቿ መታጠፊያ ሁሉ ተሰነጣጥቆ ቁልፍ እንኳ ስትቆልፍ ፊቷን ታኮማትራለች። የቆዳ ሐኪሙ እጇን አገላብጦ አየና «ከዛሬ ጀምሮ ውሃና ሳሙና እንዳትነኪ» አላት።

«ታዲያ አንሶላውን በምን ልጠበው ዶክተር? በምክር?»

ዶክተሩ ቅባት ጻፈላት። እሷ ግን አንድ መውጫ ታውቅ ነበር፦ ማምከኛ ክፍል። የቀዶ ጥገና መሣሪያዎች በእንፋሎት ከጀርም ጸድተው የሚታሸጉበት ክፍል ነው። ደረቅ ነው፣ መስኮት አለው፣ ወንበር አለው። ሆስፒታሉ በየዓመቱ ከራሱ ሠራተኞች ሁለት ሰው በፈተና እየመረጠ ለዚያ ክፍል ያሠለጥናል። የዕድሜ ጣሪያው ሠላሳ አምስት። እትዬ ሠላሳ አምስት ሊሞላት ሦስት ወር ቀርቷታል። በአጭሩ፣ ወይ ዘንድሮ ወይ በጭራሽ።

ፈተናው ሃያ ጥያቄ ነው። የድሮ የፈተና ወረቀቶች ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞሩ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ በየዓመቱ ከሃያው አራቱ የሰዓት ጥያቄ ናቸው። ሰዓቱ ይህን ያህል ሲል በአጭሯና በረጅሟ ጣት መካከል ያለው አንግል ስንት ዲግሪ ነው? የሚል። ለምን እንደሆነ አይታወቅም። አንዳንዱ ፈተናውን የሚያወጣው ሰውዬ ድሮ ሰዓት ጠጋኝ ለመሆን ፈልጎ ያልተሳካለት ነው ይላል። እትዬ ክፍልፋዩንም ፐርሰንቱንም እያላባት ለመደችው። የሰዓቱ ምዕራፍ ግን በእሷ ጊዜ መምህሩ ታሞ ተዘሏል።

እዚህ ላይ ነው እኔ ጀግናው ብቅ የምለው።

ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ጥሩ አስተካካይ ነኝ ብዬ አልዋሽም፤ ሰው ወደኔ የሚመጣው ሰው ስለማስመስል ነው። አለቃዬን አስመስላለሁ፣ የአለቃዬን ሚስት አስመስላለሁ፣ ስልክ ላይ የሚጮኸውን የጎረቤት ልብስ ሰፊ አስመስላለሁ። ከሁሉም ግን ደንበኞቼ የሚወዱት ኮምፓስን ነው። ኮምፓስ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረን መምህር ነው። ስሙን ያወጣንለት አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሳያነሳ፣ በሌላኛው ዞሮ ከሰሌዳው ወደኛ ስለሚመለስ ነው። የምጫወተው ደሞ ሁሌም አንዱን ትምህርት ነው።

«እህም! ልጆቼ! ሰዓቷ ክብ ናት፣ አይደለችም ወይ? ናት! ክብ ስንት ዲግሪ ነው? ሦስት መቶ ስልሳ! ለአስራ ሁለት ሲካፈል? ሠላሳ! ስለዚህ ከቁጥር ቁጥር ሠላሳ ዲግሪ ነው። ተመዘገበ? አሁን ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። አንተ! ሰዓትህን አትይ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው አላልኩህም! ቁጥሩን እንደተጻፈው! አጭሯ ጣት ሦስት ላይ፣ ረጅሟ አራት ላይ። ከሦስት እስከ አራት ስንት ነው? ሠላሳ ዲግሪ!»

ከዛ መቁረጫ ማሽኔን እንደያዝኩ በአንድ እግሬ ዞር እላለሁ፤ የጸጉር ሳሎኑ በሳቅ ይፈርሳል። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ።

አንድ ቀን እትዬ ረስቼው የወጣሁትን ቁልፍ ልታመጣልኝ ስትገባ ይሄንኑ እየተጫወትኩ ነበር። ሁሉም ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ዓይኗን አጥብባ ቆመች።

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት።

«ይሄ እኮ ፈተናው ላይ ያለው ነው። ታውቀዋለህ እንዴ?»

በሕይወቴ እትዬ እኔ የማውቀውን ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ደረቴ ተነፋ። «እንዴ! ሰባተኛ ክፍል የጨረስኩት ነገር ነው!» አልኳት። ሰባተኛ ክፍልን አለመጨረሴን ረስቼው ነበር።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ማስተማር ጀመርኩ። የባልዲ ክዳን ላይ በማርከር አስራ ሁለት ቁጥር ጻፍን። ረጅሟ ጣት ማንኪያ፣ አጭሯ ጣት የተቀረጠፈ እርሳስ። እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ «እህም! ልጆቼ!» እላለሁ፤ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ቆንጆ ተማሪ ነች። ክፋቷ ትጠይቃለች።

«ቆይ፣ ረጅሟ ጣት እየዞረች አጭሯ ዝም ብላ ትቆማለች?»

በራሴ ድምፅ ብመልስ ጥርጣሬዬ ይሰማል። ስለዚህ በኮምፓስ ድምፅ፣ «ዝም ብላ ትቆማለች! ተመዘገበ?» አልኳት።

መዘገበች።

ፈተናው ቅዳሜ ነው። ማክሰኞ ዕለት፣ አብራት አንሶላ የምታጥፈው ጓደኛዋ ያለፈውን ዓመት ፈተና ከነመልሱ አገኘችላት። እትዬ አራቱንም የሰዓት ጥያቄ እኔ ባስተማርኳት ሠርታ ከመልሱ ጋር አስተያየቻቸው። ከዛ የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ፣ የጎማ ቦቲዋን እንዳደረገች ሳሎኔ ድረስ መጣች። የአንድ ደንበኛ ጆሮ ዙሪያ እያስተካከልኩ ነበር።

«ሦስት ሰዓት ከሃያ ስንት ነው?»

«ሠላሳ!»

«ሃያ ነው የሚለው።»

«የማተሚያ ቤት ስህተት ይሆናል።»

«አራቱም?»

ዝም አልኩ። ዝም ስል የሚያውቅ ሰው ስለሌለ አለቃዬ እንኳ ከጋዜጣው ቀና አለ።

«ስማ። መምህሩ ሠላሳ ካለ በኋላ ምን አለ?»

«ሠላሳ ካለ በኋላ... ‹ውጣ› አለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ቀን ኮምፓስ «ሠላሳ ዲግሪ!» ብሎ ጸጥ አለ። ፊቱን ወደኛ አዙሮ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ቆመ። ጸጥታ ደሞ እኔን ያሳክከኛል። ከኋላ ወንበር ሆኜ፣ በራሱ ድምፅ፣ ቁርጥ እሱን አድርጌ «ተመዘገበ?» አልኩ። ሃምሳ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሠላሳ ብሎ ጻፈ። ኮምፓስ አፉን ሳይከፍት የገዛ ድምፁን ሰምቶ አንድ ጊዜ ጣሪያውን፣ አንድ ጊዜ ሰሌዳውን አየ። ከዛ እኔን አየ። «ውጣ! አሳዳጊህን ሳታመጣ እንዳትመለስ!» አለ። አሳዳጊዬ እትዬ ነች። አልነገርኳትም። ጠዋት ጠዋት ደብተር ይዤ እየወጣሁ አንድ ወር ሙሉ ጸጉር ቤቱ ዋልኩ። ስትደርስብኝ ደሞ «እትዬ፣ አንቺ ብቻሽን ስትለፊ እያየሁ መማር አቃተኝ» አልኳት። ያኔ አቅፋኝ አለቀሰች።

አሁን ይሄን ሁሉ በሳሎኑ መሃል ተናዘዝኩ። እትዬ ቁጣዋን ብታወርደው ይሻለኝ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረችው።

«እኔ እኮ ለሰው ሁሉ እያወራሁት ነበር። ወንድሜ ለእኔ ብሎ ነው ትምህርቱን የተወው እያልኩ።»

ወጣች። ቦቲዋ ወለሉ ላይ የተወው እርጥብ ዱካ እስከ በሩ ድረስ ይታያል።

ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ «ወንድሜ፣ አዝናለሁ» አለኝ። «ሐሳብህ ግን እዚህ የለም፤ ጆሮዬን ለነገ ብታሳድርልኝ?»

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ኮምፓስን ፍለጋ ሄድኩ። ጡረታ ወጥቶ ከልጁ ጋር ፎቅ ላይ እንደሚኖር ከደንበኞቼ ሰምቻለሁ። ባዶ እጄን እንዳልሄድ ማሽኔን በቦርሳ ያዝኩ፤ ጸጉሩን በነጻ አስተካክለዋለሁ ብዬ። በሩን ሲከፍት አንዲት ጸጉር የለችውም። ራሱ እንደ ብርቱካን ያበራል።

«ማን ነህ?»

«ቲቸር፣ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ያስወጡኝ ልጅ ነኝ።»

«ብዙ ልጅ አስወጥቻለሁ። የትኛው ነህ?»

ሌላ መታወቂያ ስላልነበረኝ አንድ እግሬን ተከልኩ። «እህም! ልጆቼ! ሰዓቷ ክብ ናት፣ አይደለችም ወይ?» ብዬ እስከ መጨረሻው አወረድኩለት። በሩን ይዞ፣ ፊቱ ሳይንቀሳቀስ ሰማኝ። ስጨርስ፦

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወጣሁ።»

«ይሄንን ስንት ጊዜ ተጫውተኸዋል?»

«አስራ አንድ ዓመት ነው ቲቸር። ሕዝቡ በጣም ይወድዎታል።»

«አስራ አንድ ዓመት!» አሁን ፊቱ ቀላ። «ሰው ሁሉ እያየህ፣ በእኔ ድምፅ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሠላሳ ዲግሪ ነው ስትል ከረምክ? በእኔ ድምፅ?»

ማስመሰሌ አልነበረም ያናደደው፤ መልሱ ነው። ለካ ሠላሳ ብሎ ጸጥ የሚለው ሆን ብሎ ነው። በየዓመቱ የተሳሳተውን መልስ ይናገርና አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አጭሯም ጣት እኮ ትሄዳለች» እስኪለው ይጠብቃል። በየዓመቱ አንድ ልጅ አይጠፋም። በእኛ ዓመት ግን እኔ «ተመዘገበ?» ብዬ አስመዘገብኳቸው።

«እህትህ እንዲህ ብላ አልጠየቀችህም?» አለኝ ሁሉን ከነገርኩት በኋላ።

«ጠይቃኛለች።»

«ምን አልካት?»

«ዝም ብላ ትቆማለች አልኳት። በ... በእርስዎ ድምፅ።»

ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዛ ግባ አለኝና የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀት ላይ እየሣለ፣ የቀረውን ግማሽ ትምህርት ሰጠኝ። አጭሯ ጣት በአንድ ሰዓት ከቁጥር ቁጥር ትደርሳለች፤ ሠላሳ ዲግሪ በስልሳ ደቂቃ። ስለዚህ በደቂቃ ግማሽ ዲግሪ። ሃያ ደቂቃ ሲያልፍ ከሦስት ቁጥር አስር ዲግሪ ርቃለች። ሠላሳው ላይ አስር ይቀነሳል፣ ሃያ።

«በል፣ ድገምልኝ።»

በራሴ ድምፅ ሞከርኩ። አጭሯን ከረጅሟ፣ ግማሹን ከሠላሳው ደባለቅኩት።

«ተወው፣ ተወው! በእኔ ድምፅ በለው። በራስህ ድምፅ ምንም እንዳልገባህ ያስታውቃል።»

በእሱ ድምፅ አምስት ጊዜ አስደገመኝ። መንገድ ላይ እንዳይጠፋኝ ብዬ «ግማሽ ዲግሪ በደቂቃ፣ አይደለም ወይ? ነው!» እያልኩ ነው የመጣሁት። አንዲት እናት ልጇን ሳብ አድርጋ ወደ ሌላኛው ጥግ ተሻገረች።

እትዬ አታናግረኝም። ቤት ስደርስ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ክዳኑን፣ ማንኪያውንና እርሳሱን አልጋው ላይ አስቀመጥኩና ከበሩ ሳልርቅ፣ ለማምለጥ እንዲመች፣ ሁለተኛውን ግማሽ አወረድኩት። መጀመሪያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነው። መሃል ላይ ካውያውን አቆመች። ከዛ መጥታ እርሳሱን በጣቷ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ከሦስት ቁጥር ገፋ አደረገችው።

«ሃያ» አለች።

«ሃያ!» አልኩ፤ እኔም እንደገባኝ ሰው።

«ይሄን እኮ እኔ ጠይቄህ ነበር።»

«ነበር።»

ክዳኑን አነሳችና ጭንቅላቴ ላይ ቋ አደረገችው። ታረቅን ማለት ነው። ስለ ትምህርቴ ውሸት ግን እስከ ዛሬ ምንም አላለችኝም፤ እኔም ደፍሬ አላነሳሁትም።

ከዚያ በኋላ መምህሯ እሷ፣ ተማሪው እኔ ሆንን። ዘጠኝ ሰዓት ከአስር ስትለኝ እኔ ሁለት መቶ አስራ አምስት አልኩና ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ። «በአጭሩ በኩል ነው የሚለካው አንተ! ከሦስት መቶ ስልሳ ቀንሰው፤ መቶ አርባ አምስት» አለችኝ ቀና ሳትል።

ቅዳሜ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ለሁለት ቦታ አስራ ዘጠኝ ሰው ነው የተፈተነው፤ ከወጥ ቤት፣ ከጽዳት፣ ከጥበቃ። ሁለት ሰዓት ከፈጀ በኋላ መጀመሪያ የወጣው ፊሽካ ነው። የሆስፒታሉ ዘበኛ ነው፤ መኪና ባየ ቁጥር ስለሚነፋ ነው እንዲህ የተባለው። ዩኒፎርሙን አስተኩሶ ለብሶ፣ ፊቱ በርቷል።

«እንዴት ነበር?»

«ሰዓቶቹ ቀላል! የመጨረሻዋማ ስጦታ ነበረች። ስድስት ሰዓት ተኩል ትላለች። ሁለቱም ስድስት ላይ ናቸዋ! ዜሮ!» ብሎኝ እያፏጨ ወደ ማማው ሄደ።

እትዬ ቀጥላ ወጣች። ንግግሩን ሰምታለች።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«አስራ አምስት። አጭሯ እኮ ግማሽ መንገድ ወደ ሰባት ሄዳለች።» ከዛ ፊሽካን በዓይኗ ተከትላ «ምስኪን። እሱን ደሞ ማን አስተማረው?» አለች።

«እኔ እንጃ» አልኩ። ፊሽካ በየሁለት ሳምንቱ ጸጉሩን የሚስተካከለው እኔ ጋ ነው። ያቺን ትምህርት ከማንም በላይ የሚወዳት እሱ ነው፤ አንዳንዴ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ «ኮምፓስን ልቀቅልን» ይላል።

ውጤቱ ሐሙስ ተለጠፈ። እትዬ ከነቦቲዋ ግቢውን አቋርጣ ስትሄድ ከኋላዋ ተከተልኩ፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፣ ለእኔ ሪከርድ ነው። ጣቷን ዝርዝሩ ላይ አስኬደች። አንደኛ ከወጥ ቤት አንዲት ሴት። ሁለተኛ እትዬ፣ አስራ ሰባት ከሃያ። ሦስተኛ ፊሽካ፣ አስራ አምስት። እትዬ ጣቷን ስሟ ላይ እንዳደረገች ቆየች። ያቺ የተሰነጠቀች ጣት። ከዛ ወደ እጥበት ክፍሏ ተመለሰች፣ የጀመረችውን አንሶላ ከጓደኛዋ ጋር አጥፋ ጨረሰች፣ ክምሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ራሷም ክምሩ ላይ ተቀመጠችና ሽርጧን ፊቷ ላይ ሸፈነች። ጓደኛዋ «ተያት፣ ደስታ ነው» አለችኝ።

ሰኞ ሥልጠና ጀመረች። ደረቅ ክፍል፣ መስኮት፣ ወንበር። እኔን ግን ሒሳብ አልተወኝም። አራቱ የሰዓት ጥያቄዎች አራት ነጥብ ናቸው። አስራ አምስት ላይ አራት ብትደምሩ... ይሄን መደመር እንኳ እኔም እችላለሁ።

ቅዳሜ ፊሽካ መጣ። ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰርኩለት፣ ግማሹን ጭንቅላት ላጨሁት።

«የጣለኝ ክፍልፋይ ነው» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። «የሰዓቶቹን እንኳ አልሳትኳቸውም፤ ዕድሜ ለአንተና ለኮምፓስ። በል እስቲ፣ ልቀቅልን።»

አለቃዬ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ተራ የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ፈገግ ብለው ተመቻቹ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ብናገር ደሞ ሰውዬው ዘበኛ ነው፣ እጁ ሰፊ ነው፣ ምላጩ ግን እኔ ጋ ነው። ማሽኑን አጠፋሁ።

«ፊሽካ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሃያ ስድስት። ምነው?»

«እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት አለህ።»

«ለምን?»

ነገርኩት። መባረሬን፣ ግማሹን ትምህርት፣ አጭሯን ጣት፣ ስድስት ሰዓት ተኩልን። ግማሽ ራሱ የተላጨ፣ ግማሹ ጎፈሬ ሆኖ መስታወቱ ውስጥ አፍጥጦ ያየኛል።

«አራቱም?»

«አራቱም።»

«እህትህ ታውቅ ነበር?»

«አንተን ያስተማርኩህ እኔ መሆኔን አታውቅም። ለሷም መጀመሪያ ያስተማርኳት ስህተቱን ነው። ለሷ ግን ረቡዕ ደረስኩላት፤ አንተን... ረሳሁህ።»

ፊሽካ በረጅሙ ተነፈሰና ጀርባውን ወንበሩ ላይ አስደገፈ።

«ቀጥል።»

«ጸጉሩን ነው ትምህርቱን?»

«ጸጉሩን» አለኝ። «ትምህርቱን እህትህ ታስተምረኛለች።»